መሣሪያው የሚናገረው የተሰጠውን ብቻ ነው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር)



 የንግግሬ ርእስ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ክሮማቶግራፊ የሚባለውን ጥበብና የናሙና አዘገጃጀትን በኢንተርኔት ስለሚማሩበት ሥልጠና ነው። ርእሱ ለበዓል የሚስማማ መስሎ ላይታያችሁ ይችላል። ነገር ግን ጉዳዩ ልጆች በየማለዳው ከሚጠጡት ወተት ጋራ የተያያዘ መሆኑን ስትሰሙ፥ የሁላችንም ጉዳይ እንደ ሆነ ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ክሮማቶግራፊ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው በቀለም መጻፍ እንደ ማለት ነው። ጥበቡን የጀመረው ሚኻይል ጽቬት የተባለ ሩሲያዊ የዕፀዋት ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1903 በዋርሶ ከተማ ባደረገው ንግግር አሳቡን ገለጠ፤ በ1906 ደግሞ ስሙን አወጣለት። አሠራሩም እንዲህ ነበር፤ በመስተዋት ቧንቧ ውስጥ የጠመኔ ዱቄት ጠቅጥቆ፥ ከቅጠል የወጣውን አረንጓዴ ፈሳሽ ከላይ ያፈስበታል። ያ አንድ ይመስል የነበረው ቀለም ወደ ታች ሲወርድ፥ ብጫና አረንጓዴ መቀነቶች ሆኖ ይለያያል። ምክንያቱም ከዱቄቱ ጋራ አጥብቆ የሚያያዘው ወደ ኋላ ሲቀር፥ ላላ ያለው ቀድሞ ስለሚወርድ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥበቡ እየተስፋፋ ሄዶ፥ ማርቲንና ሲንጅ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ባሻሻሉት ዘዴ በ1952 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህን ነገር በክፍላችን ውስጥ እንኳ ማየት ይቻላል። ከማጥሊያ ወረቀት ጠባብ ቁራጭ ቈርጣችሁ፥ ከታችኛው ጫፍ ጥቂት ከፍ ብላችሁ በእርሳስ መስመር አስምሩ፤ በመስመሩ ላይ ውሃ የሚያስለቅቀው ጥቁር ቀለም ነጠብጣብ አኑሩና የወረቀቱን ጫፍ ብቻ ውሃ አስነኩት። ውሃው ወረቀቱን እየራሰ ሲወጣ፥ ጥቁር መስሎ የነበረው ቀለም ወደ ተሠራባቸው ልዩ ልዩ ቀለሞች ይከፋፈላል። መስመሩ በእርሳስ መሆኑን ግን ልብ በሉ፤ በቀለም ቢሰመር መስመሩ ራሱ ተነሥቶ ከነጠብጣቡ ጋራ ይቀላቀላል። ነጠብጣቡም ውሃው ውስጥ ከጠለቀ፥ ወደ ላይ መውጣቱ ቀርቶ ሳህኑ ውስጥ ይሟሟል። እንግዲህ ወረቀቱና ውሃው ሥራቸውን ሳይጀምሩ፥ ውጤቱ በአዘጋጁ እጅ ተወስኗል ማለት ነው።

አሁን ወደ ወተቱ ጉዳይ ልምጣ። በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮ መሰል ወፎች ከ100,000 በላይ ሆነው በድንገት ሞቱ። ጉዳዩ ሲመረመር በሽታው ከሚበሉት የኦቾሎኒ ፋጉሎ የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ ፋጉሎው ሻግቶ ነበርና። ሻጋታው ያመነጨው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። መርዙን ነጥሎ ያሳየውም ይኸው ክሮማቶግራፊ ነው፤ የተለያዩት ክፍሎች በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታዩ አንዳንዶቹ ሰማያዊ፥ አንዳንዶቹም አረንጓዴ ሆነው ስላበሩ፥ ከነዚሁ ቀለማት የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ፊደል «ቢ» እና «ጂ» ተብለው ተጠሩ። አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር እንደሚያስከትል ዛሬ በደንብ የታወቀ ነው።

ላም የሻገተ መኖ ስትበላ፥ የመርዙ አንድ ክፍል በሰውነቷ ውስጥ ተለውጦ ከወተቷ ጋራ ይወጣል፤ ይህም አፍላቶክሲን ኤም 1 ይባላል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። በ2016 በታተመ አንድ ጥናት፥ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ተመርምረው መርዙ በሁሉም ተገኝቷል፤ ከነዚያም 29ኙ በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ይዘው ነበር። ለከብቶቹ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ዋና ምክንያት መሆኑም በዚያው ጥናት ተመልክቷል። የአውሮፓ ኅብረት በወተት ውስጥ የሚፈቅደው መጠን በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህን በዐይነ ኅሊና ለማየት፥ አንድ ግራም መርዝ በ20 ሚሊዮን ኪሎ ወተት ውስጥ ተበትኖ አስቡት።

ይህን ያኽል ረቂቅ ነገር የሚለካው መሣሪያ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ፓምፑ ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት በቀጭን የብረት ቧንቧ ውስጥ ይገፋዋል፤ ኮምፒዩተሩም ተራራ የመሰለ መስመር እየሣለ መጠኑን ይነግረናል። ዳሩ ግን ወተት እንዳለ ወደ መሣሪያው አይገባም። አስቀድሞ ቅባቱ በሴንትሪፉጅ ይለያል፤ ቅባቱ የወጣለት ወተት መርዙን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነገር በተሞላበት ትንሽ ቱቦ ውስጥ በዝግታ ያልፋል፤ ቱቦው በውሃ ይታጠባል፤ በመጨረሻም መርዙ በሌላ ፈሳሽ ተፈትቶ ይወጣል። ወተቱ በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ያኽል እየሆነ መውረድ አለበት። ሠራተኛው ቸኩሎ ቢገፋው መርዙ ሳይያዝ ያመልጣል፤ መሣሪያው ግን ያመለጠውን አያውቅም። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለዚህም ሥራ ይሆናል።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ኪሎ ወተት ውስጥ 0.08 ማይክሮግራም መርዝ አለ እንበል፤ ይህም ከአውሮፓ ወሰን በላይ ነው። በአዘገጃጀት ጊዜ ከመቶው 60 እጅ ከጠፋ፥ መሣሪያው የሚያሳየው 0.032 ብቻ ይሆናል። ወተቱም «ንጹሕ» ተብሎ ያልፋል። እንዲሁም ዕቃው በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ያለፈው ናሙና ርዝራዥ ቢቀላቀልበት፥ በደል የሌለበት ገበሬ ወተት ይደፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ በንጹሕ ወተት ውስጥ የታወቀ መጠን ጨምሮ ምን ያኽሉ ተመልሶ እንደሚገኝ ይፈትናል፤ 10 ጨምሮ 4 ብቻ ካገኘ፥ 6ቱ በእጁ ላይ እንደ ጠፋ ያውቃል። ስለ ሐሰተኛ ሚዛን በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈውን ሁላችንም ተምረናል፤ ሰነፍ አዘገጃጀትም ሐሰተኛ ሚዛን ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከኮምፒዩተር መማር ይቻላልን? ዛሬ መሣሪያውን የሚሠሩ ፋብሪካዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን በኢንተርኔት ይሰጣሉ። ጥቅሙም ብዙ ነው። ከታሸገው የብረት ቧንቧ ውስጥ የሚሆነውን በዐይን ማየት አይቻልም፤ በሥዕል ግን ይታያል። ተማሪው በኮምፒዩተር በተሠራ አስመሳይ መሣሪያ ላይ ሙቀቱንና የፈሳሹን ፍጥነት እየለዋወጠ፥ መስመሩ እንዴት እንደሚለወጥ ይመለከታል፤ ቢሳሳትም በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ፈሳሽ አይደፋም። ያልገባውን ደጋግሞ ያያል። ጅማ ወይም ባሕር ዳር ያለ ሠራተኛ፥ የአውሮፕላን ዋጋ ሳይከፍል ከባሕር ማዶ መምህር ይማራል።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ሙያ ከባለሙያው አጠገብ ቆሞ ካልሆነ አይገኝም» ይላሉ። አነጋገራቸው እውነት አለበት፤ ማያው የተማሪውን ጠብታ አይቈጥርለትም፤ ጣቱ ፒፔቱን እንዴት እንደ ያዘም አያይለትም። ሆኖም አጠገብ ቆሞ መማርም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ምክንያቱ ሳይነገረው የአለቃውን እጅ ብቻ የሚከተል ሰው፥ የአለቃውን ጉድለት ጭምር ይወርሳል። ስለዚህ ክርክሩ በማያና በመምህር መካከል ሊሆን አይገባም። ዋናው ጥያቄ፥ ሠልጣኙ በምን ይፈተናል የሚለው ነው።

በእኔ አስተያየት፥ በኢንተርኔት የተሰጠ ሥልጠና ሁሉ «ሀ፥ ለ፥ ሐ» እያሉ መልስ በማስመረጥ ብቻ ማለቅ የለበትም። በመጨረሻው ሳምንት ለሠልጣኙ የታሸገ ጠርሙስ ይላክለት። በውስጡ ያለውን መጠን ላኪው ብቻ ይወቅ፤ ወተት ከሆነም እንዳይበላሽ በዱቄት መልክ ይሁን። ሠልጣኙ በራሱ ጠረጴዛ ላይ፥ በራሱ እጅ አዘጋጅቶ፥ ያገኘውን ቊጥር ይጻፍ። ቊጥሩ ከእውነቱ ጋራ ከተቀራረበ የምስክር ወረቀቱን ይቀበል፤ ካልተቀራረበ የትኛው እርምጃ እንዳጠፋበት ተመልክቶ እንደገና ይሥራ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ላቦራቶሪዎች እርስ በርሳቸው የሚመዛዘኑት በእንደዚህ ያለ ስውር ናሙና ነው፤ በ2017 የታደሰው ኢሶ 17025 የተባለው ደንብም ሊገኝ በሚችልበት ሁሉ እንዲያደርጉት ያዝዛል። ለላቦራቶሪ የተገባው ፈተና ለሠልጣኙስ ለምን ይቀራል? ወጪ እንዳለው አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሐሰት «ንጹሕ» ከተባለ ወተት የሚመጣው ጉዳት ከጠርሙስ መላኪያ ዋጋ ይበልጣል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከመካከላችን ነገ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፥ ሐኪም ወይም የእርሻ ባለሙያ የሚሆኑ አሉ። ለዚህ ልምምድ ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። የሳይንስ ክበባችን ማጥሊያ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል፤ መምህራችን ብቻ የሚያውቁትን የተደባለቀ ቀለም ይስጡንና ከምን ከምን እንደ ተሠራ እንድናገኝ ያድርጉን። የእያንዳንዳችን መልስ በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሲጻፍ፥ የማን እጅ ጠንቃቃ እንደ ሆነ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክራል።

ላም አርቢው ወተቱን፥ እናትም ልጇን አምነው ለማያውቁት ሰው እጅ ይሰጣሉ። ያ ሰው ከማያ ተማረ ከመምህር፥ እጁ የተፈተነ ይሁን።